በኮምፒውተር የተተከለች ፀሐይ

ወደ ፀሐይ ዞረን ባነሣነው ፎቶግራፍ ላይ ተሰልፈው የሚታዩት የብርሃን ክቦች በሰማይ የነበሩ አይደሉም። ለመሆኑ ከየት መጡ?

የካሜራ ሌንስ በርካታ የመስተዋት ክፍሎች አሉት። ፀረ ነጸብራቅ ቅብ የሌለው የመስተዋት ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ይህ ብርሃን በክፍሎቹ መካከል ተመላልሶ ምስሉ ላይ ያርፋል። ሌንሱ በዘንጉ ዙሪያ ወጥ ቅርጽ ስላለው፣ ክቦቹ የብርሃኑን ምንጭና የምስሉን መሐል በሚያገናኘው መሥመር ላይ ይደረደራሉ።

ፎቶሾፕን የመሰሉ ሶፍትዌሮች ይህንኑ ያስመስላሉ። ጥንቁቅ ባለሙያ ብልጭታውን በጥቁር መደብ ላይ ለብቻው ሠርቶ «ስክሪን» በተባለው ስልት ከፎቶግራፉ ጋር ያዋሕደዋል። ስሌቱ ቀላል ነው። ብሩህነትን ከ0 እስከ 1 ብንለካ፣ ሁለቱን መጠኖች በየተራ ከ1 ቀንሰን ውጤቶቹን እናባዛለን፤ ብዜቱንም ከ1 እንቀንሳለን። 0.5 እና 0.5 ሲዋሐዱ 0.75 ይሆናሉ። ጥቁሩ መደብ 0 በመሆኑ አንዳች አይጨምርም።

ይሁን እንጂ ይህ ስሌት ጥላዎችን አያዞርም። ከየጥላው ጫፍ ተነሥተን ጥላውን ወደ ጣለው አካል ጫፍ መሥመር ብናሰምርና ብናስረዝም፣ መሥመሮቹ እውነተኛይቱ ፀሐይ ባለችበት ነጥብ ይገናኛሉ። በፎቶግራፉ የምትታየው ፀሐይ ከዚያ ነጥብ ርቃ ከተገኘች ተተክላለች ማለት ነው።

ነገሩ ከጨዋታ ያለፈ ነው። በሰኔ 1994 እ.ኤ.አ. ታይም መጽሔት በግድያ የተከሰሰውን የኦ. ጄ. ሲምፕሰንን ፎቶግራፍ አጨልሞ በሽፋኑ አወጣ። ኒውስዊክ ያንኑ ፎቶግራፍ ሳያጨልም በማውጣቱ ልዩነቱ ተጋለጠ፤ ብርቱ ወቀሳም አስከተለ። ብርሃን መጨመርም ሆነ መቀነስ ለሥነ ጥበብ የተፈቀደ ነው፤ ማስረጃ በሆነ ፎቶግራፍ ላይ ግን የተመልካችን ፍርድ ያዛባል። ስለዚህ ምስልን ከማመናችን በፊት ማስመሪያ አንሥተን ጥላውን እንጠይቅ።