የሃምሳ ዓመት ካቦ

ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ አጠገብ በነበረ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ለብቻዬ የሠራሁት ሥራ የተበጠሰ የፍሪሲዮን ካቦ መቀየር ነበር። ሹፌሩ መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ ካቦው እስኪመጣ ሻይ እየጠጣ ጠበቀኝ። ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ በማናሰስ አውሮፕላን ማረፊያ የግል ትናንሽ አውሮፕላኖችን እጠግናለሁ። እነሱም ካቦ አላቸው። ሰማይ ላይ ግን ጥግ የሚያዝበት ቦታ የለም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ደንበኛዬ መጡ። ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1975 የተሠራች፣ ባለ 150 የፈረስ ጉልበት ላይካሚንግ ሞተር ያላት ሴስና 172 አለቻቸው። ሴስና 172 ከ1956 ጀምሮ ከ44 ሺህ በላይ የተመረተች አውሮፕላን ናት፤ በብዛት የሚወዳደራት የለም። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛም ብዙ ፓይለት እጁን የፈታው በእሷ ነው።

ጋሼ የመጡት ለካቦ አልነበረም። አዲስ የአቅጣጫ ማሳያ ስክሪን ለማስገጠም ነው፤ ገንዘቡንም አጠራቅመዋል። በወሬ መሃል “እንዲያው ነዳጅ መስጫዋ ጠዋት ጠዋት ትጠጥርብኛለች፤ ብርዱ ይሆን?” አሉኝ። ገብቼ ተቀመጥኩና ጥቁሩን እጀታ በሁለት ጣቴ በቀስታ ገፋሁት። መሃል ሲደርስ ያዝ አደረገው፤ ትንሽ ጫን ስለው በድንገት ተስፈንጥሮ ሄደ።

“ጋሼ፣ ስክሪኑ ይቆየን” አልኳቸው።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። በዚህች አውሮፕላን ፓይለቱ ሞተሩን የሚያዘው ከፊቱ ባሉ ሦስት እጀታዎች ነው። ጥቁሩ ነዳጅ መስጫ ነው፤ ወደ ፊት ሲገፋ ጉልበት ይጨምራል። ቀዩ ሚክስቸር ይባላል፤ ነዳጅና አየር የሚቀላቀሉበትን መጠን ይወስናል። ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጁም አብሮ መቀነስ አለበት። ሞተሩ የሚጠፋውም በቀዩ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ነዳጁ ይቋረጣል። ሦስተኛው የካርቡሬተር ማሞቂያ ነው። ካርቡሬተር ውስጥ ነዳጅ ሲተን ቅዝቃዜ ይፈጥራል፤ እርጥበት ባለው ቀን፣ ውጭ ሙቀቱ 20 ዲግሪ እያለ እንኳ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ይህ እጀታ በጭስ ማውጫው ዙሪያ የሞቀ አየር ያስገባል።

ከእነዚህ ከሦስቱ ጀርባ ያለው ካቦ ነው። የብስክሌት ፍሬን ካቦ የሚችለው መሳብ ብቻ ነው፤ የሚመልሰው ስፕሪንግ ነው። የእነዚህ እጀታዎች ካቦ ግን መሳብም መግፋትም አለበት። ስለዚህ ውስጡ ያለው ሽቦ እንደ ክር የሚልመጠመጥ አይደለም፤ ጠንከር ያለ ነው። በሽፋኑ ውስጥ እየተንሸራተተ ፓይለቱ የገፋውን ያህል ሞተሩ ጋ ይደርሳል። አሮጌዎቹ ሽፋኖች እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠሙ የብረት ሽቦዎች ናቸው። በጥምጥሙ መሃል ውሃ ይገባል፣ አቧራ ይገባል፣ ሞተሩ ደግሞ ዘይቱን ይረጭበታል።

የነዳጅ መስጫው ካቦ ቢበጠስ ሞተሩ ባለበት ጉልበት ሊቀጥል ይችላል፤ ወይም ንዝረቱ ካርቡሬተሩን እየዘጋው ጉልበቱ ሊወርድ ይችላል። የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም። ሙሉ ጉልበት ላይ እንዳለ የተበጠሰበት ፓይለት፣ ሜዳውን እንደማይስት እርግጠኛ ሲሆን ሞተሩን በቀዩ እጀታ አጥፍቶ እንደ ተንሸራታች ያርፋል። ጉልበቱ የወረደበት ግን ከታች ያገኘው ሜዳ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ነው ይህን ካቦ እስኪበጠስ መጠበቅ የለብንም የምለው።

የጋሼን መዝገብ ገለጥኩት። አሜሪካ ውስጥ አውሮፕላን በየ12 ወሩ ሙሉ ምርመራ ይደረግላታል፤ የተሠራላት ነገር ሁሉ ይጻፋል። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ታድሷል፣ ሬዲዮው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ ወንበሩ ቆዳ ለብሷል። ስለ ካቦ አንድ መስመር የለም። ሃምሳ ዓመት!

ጋሼ አብረውኝ ሠሩ። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ፈቃድ ያለው መካኒክ አጠገባቸው ሆኖ እስከተቆጣጠረና ሥራውን በራሱ ፊርማ እስከተቀበለ ድረስ ባለቤቱ እጁን ማስገባት ይችላል። ኮፈኑን አወረድን። የነዳጅ መስጫውን ካቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በባትሪ ተከተልኩት። ከፋየርዎሉ፣ ማለትም ሞተሩን ከተሳፋሪው ከሚለየው የብረት ግድግዳ፣ ወጥቶ ወደ ካርቡሬተሩ በሚታጠፍበት ቦታ አንድ የቀድሞ ጠጋኝ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከሞተሩ መሸከሚያ ቧንቧ ጋር ጠፍሮታል። ማሰሪያውን ስቆርጠው ቧንቧው ላይ ቀለበት የመሰለ ጭረት ታየ። ፕላስቲክ ለስላሳ ይመስላል፤ አሸዋ ከያዘና ሞተር ከነቀነቀው ግን ብረት ይሞርዳል። ጭረቱ ጥልቅ ስላልነበረ ቧንቧው ተርፏል። እንዲህ ያለ ማሰሪያ እዚያ ቦታ ላይ ማየት እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ካቦውን አውጥተን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ውስጡን ሽቦ ስስበው መታጠፊያው ጋ የነበረው አንድ ስንዝር ያህል፣ በአንድ ወገን እንደ መስታወት ያበራል፤ በሌላው ወገን ዝጎ ቡናማ ሆኗል። የሚያበራው የተበላው ነው። ሽፋኑን ገልበጥ አድርጌ ጠረጴዛውን መታ መታ ሳደርግ ቀይ ዱቄት ፈሰሰ። ጋሼ ዱቄቱን በጣታቸው ነክተው ለረጅም ጊዜ አዩት። “ልጆቼን ይዤ በርሬባታለሁ እኮ” አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ሦስቱም ይቀየሩ ያሉት እሳቸው ናቸው።

ማሻሻል ስል አሮጌውን በአዲስ መተካት ብቻ ማለቴ አይደለም። ዛሬ የሚሠሩት ጥሩ ካቦዎች ሽፋናቸው የታሸገ ነው፤ ውስጡ ቴፍሎን የተነጠፈ ስለሆነ ሽቦው ሳይጎረብጥ ይንሸራተታል፤ እርጥበትና አቧራም በቀላሉ አይገባም። ዋጋው እያንዳንዱ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ “ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ በሃያ ዶላር አይገኝም ወይ?” ብሎ ነው። አይገኝም። ለዚያች አውሮፕላን ሞዴል የተፈቀደ መሆን አለበት። ከአውሮፕላኗ ፋብሪካ ካልመጣ፣ ኤፍኤኤ የሚባለው የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት አምራቹንም ዕቃውንም መርምሮ የሰጠው ፒኤምኤ የተባለ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ ያስፈልገዋል። ርዝመቱ እንኳ ዝም ብሎ አይመረጥም። ካጠረ ሞተሩ በላስቲክ ትራሶቹ ላይ ሲነቃነቅ ይጎትተዋል፤ ከረዘመ ደግሞ ተንጠልጥሎ ጭስ ማውጫ ይነካል።

መግጠሙ ትዕግሥት ይፈልጋል። ካቦው ሰፋ ባለ መታጠፊያ መሄድ አለበት፤ ሹል መታጠፊያ አዲሱንም ካቦ እንደ አሮጌው ይበላዋል። ማሰሪያው ላስቲክ የለበሰ ብረት ነው። በፋየርዎሉ ያለፈበት ቀዳዳ ዙሪያውን በደንብ ይደፈናል፤ ካልተደፈነ የሞተር ጭስ፣ እሳት ቢነሳም እሳቱ፣ ወደ ሰው ይመጣል። ካርቡሬተሩ ጋ ሲደርስ ጫፉ ላይ ትንሽ ኩሽኔታ አለች፤ በቡሎን ትያዛለች። ቡሎኑ የተበሳ ነው፤ ዳዶው ከጠበቀ በኋላ በቀዳዳው ሁለት እግር ያላት ቀጭን ፒን ታልፍና እግሮቿ ይታጠፋሉ። ዳዶው ቢላላ እንኳ ወልቆ አይወድቅም። ከኩሽኔታዋ በላይ ሰፊ ሮንዴላ አደርጋለሁ፤ ኩሽኔታዋ አንድ ቀን ብትበላ ሮንዴላው ጫፉን ከቡሎኑ ላይ ሾልኮ እንዳይወጣ ይይዘዋል። የሳንቲሞች ዕቃ ነው፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው።

ከዚያ ልክ ማስያዝ መጣ። ጋሼ ከውስጥ፣ እኔ ከሞተሩ ፊት።

“ሙሉ!”

“ሙሉ ነው!”

ካርቡሬተሩ ላይ ያለው ክንድ ማቆሚያውን መንካት ያለበት፣ እጀታው ሰሌዳውን ከመንካቱ በፊት ነው። ሦስት ሚሊሜትር ያህል ክፍተት መቅረት አለበት። ክፍተቱ ከሌለ እጀታው ሰሌዳውን ነክቶ ይቆማል፤ ፓይለቱ ሙሉ ጉልበት የሰጠ ይመስለዋል፣ ሞተሩ ግን ሙሉውን አላገኘም። አራት ጊዜ ፈታሁት፣ አራት ጊዜ ገጠምኩት። በአራተኛው ልክ መጣ።

ሞተሩን አስነስተን ካሞቅነው በኋላ ጋሼ ቀዩን እጀታ ቀስ ብለው ሳቡት። ዙሩ ከመጥፋቱ በፊት ወደ 50 ያህል ከፍ አለና ጸጥ አለ። ይህች ጥቂት ጭማሪ ቅይጡ ትክክል መሆኑን ትናገራለች። መዝገቡ ላይ ቀኑን፣ የካቦዎቹን ቁጥር፣ የሠራሁትን ጽፌ ፈረምኩ። ስክሪኑ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ።

እዚህ አሜሪካ አውሮፕላን የገዛችሁ፣ ከጓደኛ ጋር በጋራ የያዛችሁ፣ ወይም ልትገዙ የምታስቡ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ እያንዳንዱን እጀታ አንድ ጊዜ፣ በቀስታ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግፉት። ነዳጅ መስጫውን ደጋግማችሁ አትግፉ፤ በየግፊቱ ቤንዚን ወደ ካርቡሬተሩ ይረጫል፣ ሲጠራቀም ለእሳት ይዳርጋል። ያዝ የሚያደርግ፣ የሚጎረብጥ ወይም የሚስፈነጠር ከሆነ አትብረሩ፤ መካኒክ ጥሩ። ዘይት መርጨት መፍትሔ አይደለም፤ ለጥቂት ቀን አለስልሶ አቧራ ይሰበስብበታል። መዝገቡንም ገልጣችሁ ካቦዎቹ መቼ እንደተቀየሩ ፈልጉ። ካልተጻፈ ካቦው የአውሮፕላኗ እኩያ ነው ማለት ነው።