የወኪል ትርፍ የማን ነው?

ንግዱ የሰፋለት ሰው በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ ሊገኝ አይችልም። ዕቃው ጅቡቲ ወደብ በደረሰበት ቀን እርሱ መርካቶ ከሚገኘው መደብሩ አይነቃነቅም፤ በርበሬው ማረቆ ላይ በሚገዛበት ሰዓት እርሱ ከባንክ ሹም ጋር ይነጋገራል። በሲራራ ዘመንም ቢሆን ባለገንዘቡ የሚልከው የታመነ ሰው ካልነበረው ንግዱን ከአንድ ገበያ ወደ ሌላው ለማሻገር ይቸገር ነበር። ስለሆነም ከነጋዴ ሥራ ብዙው የሚፈጸመው በሌላ ሰው ዓይን፣ በሌላ ሰው አንደበትና በሌላ ሰው ፊርማ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ጉዳይ ከቁጥር 2179 ጀምሮ በሰፊው የደነገገ ሲሆን፣ ድንጋጌው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሕጉ ለዚህ ሥልጣን የሰጠው ስም እንደራሴነት ነው፤ ቃሉ ሲፈታ «እንደ ራሴ» ማለት ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ስም ይገኝለታል ለማለት ያስቸግራል። ወኪሉ በተሰጠው ሥልጣን ልክ በወካዩ ስም የፈረመው ውል ወካዩ ራሱ እንደ ፈረመው ይቆጠራል፤ መብቱም ዕዳውም የወካዩ ይሆናል። ደላላ ከዚህ የተለየ ነው፤ ሻጭና ገዥን ያገናኛል እንጂ በማንም ስም አይዋዋልም።

ነገሩ የሚከብደው ጥቅም ሲመጣ ነው። አንድ ነጋዴ 100 ኩንታል በርበሬ እንዲገዛለት ወኪሉን ወደ ማረቆ ላከ እንበል። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ሻጩ ደንበኝነቱ እንዲቀጥል ሲል ወኪሉን ገለል አድርጎ በኩንታል 50 ብር እያሰበ «ይህ ለራስህ ነው» ብሎ ይሰጠዋል። ወኪሉም፣ የተከራከርኩት እኔ፣ ፀሐይ የመታኝ እኔ፣ ጌታዬም ባወቀው ዋጋ ገዝቷል ብሎ 5,000 ብሩን ኪሱ ይከተዋል። በብዙዎች ዘንድ ይህ እንደ ጉርሻ ይታያል እንጂ ከነውር አይቆጠርም። ሕጉ ግን በቁጥር 2208 ወኪል ለወካዩ ፍጹም ቅን እንዲሆን፣ በቁጥር 2209 ደግሞ ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራና ወካዩ ሳያውቅ ከሚዋዋለው ውል አንዳች ጥቅም እንዳያገኝ አዟል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሻጩ 50 ብር ለመልቀቅ ፈቃደኛ ከነበረ የበርበሬው እውነተኛ ዋጋ በዚያው ልክ ያነሰ ነበር፤ ለገዥው ሊደረግ የሚገባው ቅናሽ ወደ ሌላ ኪስ ገባ። ከዚህም የባሰው፣ በሚቀጥለው ዓመት ወኪሉ ጥሩ በርበሬ ያለውን ሻጭ ትቶ እጁ ወደሚፈታው መሄዱ ነው። ወኪሉ ነገሩን ገልጾ ወካዩ ቢፈቅድለት ግን ገንዘቡ ንጹሕ ይሆናል።

ሒሳብ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ ለወንድሙ ውክልና የላከ ሰው፣ ደረሰኝ ላክልኝ ቢል ወንድሙን የተጠራጠረ ይመስለዋል፤ ወንድምየውም ይቀየማል። በዚህ ዝምታ ብዙ ቤተሰብ ተለያይቷል። በሕጉ ግን ወካዩ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ሒሳቡን ማሳየት፣ ሥራው ሲፈጸምም ሳይዘገይ ማስታወቅ የወኪሉ ግዴታ ነው፤ ዝምድና ከዚህ ነጻ አያወጣውም።

ሌላው በየጊዜው የሚያሳስተው «ጠቅላላ ውክልና» የሚባለው ነው። ብዙ ሰው ይህ ወረቀት ሁሉን የሚያስችል ይመስለዋል። በእርግጥ የሚሰጠው የማስተዳደርን ሥልጣን ብቻ ነው፤ ይኸውም ንብረቱን መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ ለሽያጭ የተዘጋጀ ዕቃ መሸጥና ይህን የመሳሰለው ነው። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ በሐዋላ ወረቀት ላይ ለመፈረም፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለማድረግና በፍርድ ቤት ለመከራከር ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። የውክልና ወረቀቶቻችን «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» እያሉ ገጽ የሚሞሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ችግሩ፣ ሱቅ ለማስጠበቅ ብቻ የፈለገ ነጋዴም ከሌላ የተገለበጠውን ይህንኑ ዝርዝር ሳያነብ መፈረሙ ነው።

ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ሊሽር ይችላል። ሥልጣኑ ሲያበቃ ወኪሉ ጽሑፉን መመለስ አለበት፤ ዋጋዬ አልተከፈለኝም ብሎ እንደ መያዣ ሊይዘው አይፈቀድለትም። ወካዩ ወረቀቱ እንዲመለስለት ሳያደርግ ቢቀርና የተሻረው ወኪል በእርሱ ከሌላ ሰው ጋር ቢዋዋል፣ ወካዩ ከወኪሉ ጋር አብሮ ኃላፊ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጥንቁቅ ነጋዴ ሽረቱን በውልና ማስረጃ ባስመዘገበበት ቀን ለባንኩ፣ ለጉምሩክ አስተላላፊውና ለደንበኞቹ በደብዳቤ ያስታውቃል፤ የደብዳቤውንም ግልባጭ ከተመለሰው ወረቀት ጋር በአንድ መዝገብ ያኖራል።