ውኃ የቀረጻቸው አራዊት

ከሐርጌሳ ተነሥቶ ወደ በርበራ በሚወስደው ጎዳና 50 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ፣ ከዋናው መንገድ ወጥቶ በቁጥቋጦው መካከል ጥቂት ቢገፋ፣ በበጋ ደርቀው በዝናም ጊዜ የሚደርሱ ሁለት ወንዞች ከሚገናኙበት ስፍራ በላይ የቆመ የድንጋይ ኮረብታ ያገኛል፤ ስሙም ላስ ጌል ይባላል፤ ትርጓሜው በሱማልኛ የግመል ውኃ፣ ግመል የሚጠጣበት ጕድጓድ ማለት ነው። ነገር ግን ኮረብታውን ወጥቶ ከድንጋዩ ጣራ ሥር ቀና ያለ እንደ ሆነ፣ ስሙ የግመል በሆነው ቤት ውስጥ የሚቀበለው የላም መንጋ ነው። እያንዳንዷ ላም ራሷ ለአካሏ ያነሰ፣ ቀንዶቿ እንደ በገና ምሰሶ ወደ ላይ የቆሙ፣ አንገቷ እንደ ጋሻ የሰፋና በነጭና በቀይ ሰረዝ እንደ ካባ የተሸለመ፣ ሻኛ የሌላት ናት፤ ጡቷም ከኋላ እግሮቿ መካከል ለተመልካች በግልጥ ይታያል፤ ከአጠገቧም እጁን የዘረጋ ትንሽ ሰው፣ አንዳንድ ጊዜም ውሻ ይቆማል።

እንዲህ ያለች ላም በየትኛውም በረት ታድራ አታውቅም። ይሁን እንጂ የሣላት ሰው ላምን አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያልብ፣ ሲያግድና ሲያርድ የኖረ ሰው መሆኑን ጡቷ ብቻ ይመሰክራል፤ ስለዚህ የለወጠው ሳያውቅ ተሳስቶ ሳይሆን ዐውቆ መርጦ ነው። ዛሬ የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎችና የፊልም ሠዓሊዎች በየንድፍ ደብተራቸው የሚሠሩትን፣ ማለት ያልተፈጠረ አውሬ መንደፍንና ያልነበረ ዓለም መመሥረትን፣ ለአንባቢ ለማስተዋወቅ ከዚህ ዋሻ መጀመሬ ስለዚህ ነው።

የአገሩ ሰዎች ስፍራውን ከጥንት ያውቁት ነበር፤ ጂን ያድርበታል ብለውም ይሸሹት ነበር፤ የዓለም ሊቃውንት የሰሙት ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዛቪዬ ጉቴርዝ የሚባሉት ፈረንሳዊ የመሩት ቡድን ከደረሰበት በኋላ ነው። የሥዕሉን ዕድሜ ብዙዎች 5,000 ዓመት ያህል ይገምቱታል። በድሬዳዋ አቅራቢያ በለገ ኦዳም ዘመዶቹ የሆኑ ሥዕሎች አሉ። እኔን ከዕድሜው ይልቅ የሚደንቀኝ ግን፣ ዛሬ ግራር እንኳ ተራርቆ በሚበቅልበት ምድር ላይ ይህን ያህል ላም መሣሉ፣ በዚያን ዘመን ሣርና ውኃ እንደ ነበረ ያለ ቃል መናገሩ ነው። አውሬው በትክክል የተሣለ እንደ ሆነ የሚጠጣውን ውኃ ሳይሣል ያሳያል።

የዛሬዎቹ ነዳፊዎች ሥርዐትም ከዚሁ ይነሣል። ጥሩው ሠዓሊ አስቀድሞ ጥርስና ጥፍር አይሥልም፤ ምድሪቱ ምን ያህል ትስባለች፣ አየሩ ምን ያህል ይከብዳል፣ ብርሃኑ ከየት ይመጣል፣ ውኃውስ ወዴት አለ ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ የሚበላውን፣ ከሚበላው መንጋጋውን፣ ከመንጋጋው የራስ ቅሉን ያወጣል፤ ሥጋና ቆዳ የሚለብሰው በመጨረሻ ነው። አሜሪካዊው ዌይን ባርሎ በ1990 ባሳተመው «ኤክስፔዲሽን» በተባለው መጽሐፉ፣ ዳርዊን አራተኛ ብሎ በሰየማት ፕላኔት ላይ የሚኖሩትን አራዊት ዐይን ነሥቶ በድምፅ ማስተጋባት መንገዳቸውን እንዲያገኙ አድርጓቸዋል፤ ይህች አንዲት ሕግ ከጸናች ዘንድ የቀረው አካል ሁሉ እርሷን ተከትሎ ይመጣል።

የሱማሌ እናቶች ይህን ያለ እርሳስና ወረቀት ያውቁት ነበር። በተረታቸው ውስጥ ሰው የምትበላው ደግዴር ትገኛለች፤ ስሟ ረጅም ጆሮ ማለት ነው፤ በዚያች በተዘረጋች ምድር ላይ የሚሸሽ ሰው የእግሩ ኮቴ ከሩቅ እንደሚሰማ ለሚያውቅ ልጅ፣ ከቀንድና ከጥፍር ይልቅ ጆሮ ያስፈራዋል። ሌሊት በበትር ራሱን አሽቶ ጅብ የሚሆነው ቆሪ ኢስማሪስም አለ፤ የእኛ አገር ሰው የቡዳን ነገር ስለሚያውቅ ሌላ ማብራሪያ አይሻም። የደግዴርን ተረት በእንግሊዝኛ ካቆዩልን አንዷ ካናዳዊቷ ደራሲ ማርጋሬት ሎረንስ ናት፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደዚያ አገር የመጣችው ባሏ መሐንዲስ ስለ ነበረና በሐውድ ሜዳ ለከብት የውኃ ኩሬ ሊያስቆፍር ስለ ተላከ ነው፤ እርሱ ኩሬ ሲያስቆፍር እርሷ ተረትና ግጥም ትሰበስብ ነበር፤ መጽሐፏም በ1954 ታተመ።

በእኛም ዘንድ ሊቃውንት በአክሱም ዘመን ከጽርዕ ወደ ግዕዝ በመለሱት፣ ፊሳልጎስ በተባለው የአራዊት መጽሐፍ፣ አንበሳው ዱካውን በጅራቱ እያጠፋ ይሄዳል፤ አራዊቱም እያንዳንዳቸው ከነጠባያቸው፣ ከጠባያቸው ቀጥሎም ከነምሥጢራቸው ይተረካሉ። በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን የመጣው ነጋዴ ኮስማስ ደግሞ በንጉሡ ባለ አራት ግንብ ቤተ መንግሥት አራት የናስ ባለ አንድ ቀንድ አራዊት አየ፤ ሥዕላቸውንም ከሐውልቱ ቀዳ፤ አውሬውን ራሱን ግን አላየሁም ብሎ ጻፈ። አውራሪስን በሕይወቱ ከሩቅ፣ ሞቶም በገለባ ተሞልቶ ማየቱን ለይቶ ነገረን። ብዙ የዘመናችን ነዳፊ ይህ ጨዋነት ይጎድለዋል፤ ያላየውን ሲሥል ያየውን ይረሳልና።

ውኃን ሕግ አድርጎ ዓለም የመሠረተው ግን ፍራንክ ኸርበርት ነው። በ1965 ባወጣው «ዲዩን» ውስጥ አራኪስ የተባለችው ፕላኔት ሁለንተናዋ አሸዋ ነው፤ ሰዎቿ ላባቸውንና እስትንፋሳቸውን መልሶ የሚያጠራቅም ልብስ ይለብሳሉ፤ ግዙፉ የአሸዋ ትልም ውኃ መርዙ ነው። የሐሳቡ መነሻ በኦሬጎን ጠረፍ የሚንቀሳቀሰውን የአሸዋ ክምር በሣር ለማሰር የተደረገውን ሥራ ማየቱ ነበር። ሐርጌሳ ለሚኖር ሰው ይህ መጽሐፍ እንደ ሕልም የሚነበብ አይመስለኝም፤ ጕድጓድ የማን ነው የሚለው ክርክር የሳይንስ ልብ ወለድ ከመባሉ በፊት እዚያ የሽማግሌዎች ሸንጎ ነበርና።

እስቲ ነዳፊው በዚያች ከተማ የግመል ገበያ አንድ ማለዳ ይቀመጥ። ውኃ ያጣች ግመል የሰውነቷን ሙቀት በሌሊት እስከ 34 ዲግሪ ታወርዳለች፣ በቀን እስከ 41 ታሳድጋለች፣ ላብ እንዳታባክን፤ ቀይ የደም ሕዋሷ እንደ ሌሎቹ ጡት አጥቢዎች ክብ ሳይሆን ሞላላ ነው፤ ሻኛዋ ስብ እንጂ ውኃ አይደለም፤ ጕድጓድ ስትደርስ ግን በ10 ደቂቃ ገደማ 100 ሊትር ትጠጣለች። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ያቀረበ ሠዓሊ፣ አሳታሚው አበዛኸው ብሎ ይመልስለት ነበር፤ እርሷ ግን ነጋዴዎቹ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ዋጋ ሲነጋገሩ አጠገባቸው ቆማ ታመሰኳለች።