«ጠፋ» ሲባል ምን ጠፋ? ስለ ፎቶግራፍ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ብልሽት ስያሜ

«ጠፋ» በአማርኛ እጅግ ሰፊ አገልግሎት ካላቸው ግሦች አንዱ ነው። መብራት ይጠፋል፤ በግ ይጠፋል፤ ባለዕዳ ይጠፋል፤ ጽሑፍ ከሰሌዳ ይጠፋል፤ ወዳጅም ሰንብቶ ሲገናኝ «ጠፋህሳ» ይባላል። የእነዚህ ሁሉ የጋራ ሐሳብ አንድ ነገር ከዐይን መሰወሩ ነው። የተሰወረው ነገር ዛሬም በአንድ ስፍራ መኖር አለመኖሩን ግን ግሡ ራሱ አይናገርም። የጠፋው በግ ከጎረቤት መንጋ መካከል ሊገኝ ይችላል፤ የጠፋው እሳት ግን የለም። ለዕለት ንግግር ይህ ስፋት ጸጋ እንጂ ጉድለት አይደለም፤ ዐውዱ ያቃናዋልና። በሙያ ቋንቋ ግን፣ ይልቁንም ተናጋሪውና ሰሚው አንዱን ዕቃ አብረው በማያዩበት ጊዜ፣ ጥፋት ያስከትላል።

ለዚህ ከምዕራብ ጎጃም ፎቶ ቤቶች ምሳሌ እንውሰድ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያሉት ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በዙሪያቸው ላለው ሰፊ ገጠር የገበያና የጉዳይ ማስፈጸሚያ ከተሞች ናቸው፤ የጥር ሙሽራም ሆነ የመታወቂያ ፎቶ ፈላጊ ወደ እነርሱ ይመጣል። በፎቶ ቤት ሙያ በስፋት የሚታወቀው ማስተካከያ ፎቶሾፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበው ይህ ፕሮግራም የአማርኛ ገጽታ የለውም። ስለዚህ ብልሽት ሲደርስ ባለቤቱ ማስጠንቀቂያውን የሚያነበው በእንግሊዝኛ፣ ለጠጋኙ በስልክ የሚያስረዳው ግን በአማርኛ ነው። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ ደግሞ የማሳያውን ፎቶ አንሥቶ መላክ እንኳ አዳጋች ሆኖ ነበር። ስልክ በሠራበት ሰዓት የጥገናው መሣሪያ ቃል ብቻ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ «ፎቶው ጠፋብኝ» የሚል ጥሪ ከቡሬ ተነሥቶ ባሕር ዳር ላለ ባለሙያ ደረሰ እንበል። ማሳያው እንዳለ ጨልሞ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚፈተሸው ገመዱና ኃይሉ ነው። ወይም የፕሮግራሙ መስኮት እንዳለ ሆኖ ምስሉ የነበረበት ስፍራ ብቻ ጥቁር ወይም ነጭ ሆኖ ይሆናል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ከግራፊክስ ካርዱና እርሱን ከሚያሠራው ፕሮግራም አለመስማማት የሚመጣ ሲሆን፣ ፎቶሾፕ ግራፊክስ ካርዱን እንዳይጠቀም በቅንብሩ ውስጥ አድርጎ እንደገና በመክፈት ይፈተናል። ወይም ፕሮግራሙ ራሱ ተዘግቶ ይሆናል። ወይም ደግሞ ፋይሉ ከነጭራሹ ተሰርዞ ይሆናል፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ሲሆን የመጀመሪያው ትእዛዝ «በዚያ ዲስክ ወይም ካርድ ላይ ምንም ነገር አትጻፍ» የሚል መሆን አለበት፤ የተሰረዘ ፋይል መልሶ የመገኘት ተስፋ ያለው ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ነውና። ሰሚው «ጠፋ»ን በአንዱ ፍች ተረድቶ ለሌላው የሚሆነውን መድኃኒት ቢያዝ፣ ለምሳሌ ማሳያው ብቻ የታወከበትን ሰው «ፎርማት አድርገው» ቢለው፣ ያልጠፋው የሠርግ ፎቶ ያን ጊዜ በእርግጥ ይጠፋል።

ችግሩ በአድራጊ ግሡም ይደገማል። «አጥፋ» ማለት መብራት ለማጥፋትም፣ ጽሑፍ ለመደምሰስም ያገለግላል። «ግራፊክሱን አጥፋው» የተባለ ሰው ማሠራቱን ያቁም ወይስ ፋይሎቹን ይደምስስ? በዚህ ላይ «ድራይቭ» እና «ድራይቨር» የሚባሉት ሁለት የውጭ ቃላት በስልክ ድምፅ ሊለዩ አይችሉም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያው ፋይሎች የሚቀመጡበት ዕቃ ነው፤ ሁለተኛው አንድን ዕቃ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። «ድራይቨሩን አጥፍተህ እንደገና ጫን» የሚለው ጤነኛ ምክር በአንዲት የ«ር» መዋጥ ምክንያት የዓመት ሥራ ሊያስደመስስ ይችላል። በእኛ አስተያየት «አጥፋ» ለኃይል ብቻ ቢወሰን፣ ለመደምሰስ በስልኮች የአማርኛ ገጽታ የለመድነው «ሰርዝ» ቢጸና፣ ከሥራ ለማስቆም ደግሞ «አቦዝን» ቢባል ይሻላል። በዚሁ ገጽታ «አሰናክል»ም ያጋጥማል፤ ነገር ግን መሰናክል የሚያስታውሰው መደናቀፍን ነው። የቦዘነ ግን ነገ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። ለ«ድራይቨር» «ነጂ» ማለት ለጆሮ እንግዳ ቢመስልም፣ ቢያንስ ከ«ድራይቭ» ጋር አይምታታም።

የማሳያን መታወክ በተመለከተ ተርጓሚዎች በስም የመሰየም ልማድ አላቸው። ይህም ልማድ እዚህ አይረዳም። አማርኛ ዐይን የሚያየውን ድንገተኛ ለውጥ የሚገልጸው ከ«አለ» ጋር በሚጣመሩ ግሦች ነውና፤ «ድርግም አለ»፣ «ብልጭ ድርግም አለ»፣ «ቀጥ አለ»። እነዚህ ሦስቱ ለጠጋኝ ሦስት ልዩ ልዩ ምልክቶች ናቸው። «ድርግም አለ» ኃይልን ወይም ገመድን፣ «ብልጭ ድርግም ይላል» የላላ ገመድን ወይም የተሳሳተ ነጂን፣ «ቀጥ አለ» ደግሞ ሥራ የበዛበትን ፕሮግራም ያስጠረጥራል። «ብልጭ ድርግም»ን ለማሳጠር «ብልጭታ» ብንል በፎቶ ቤት ውስጥ የካሜራ ፍላሽ ይሆንብናል። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱ «ብልጭ ድርግም ማለት» የሚለውን ርዝመቱን ሳይጠላ ቢቀበለው መልካም ነው።

ለእንግሊዝኛው «ክራሽ» አንዳንዶች «መከስከስ»ን ይሰጣሉ። ይህ ቃል ለአውሮፕላን እንጂ ለፕሮግራም አይሆንም፤ የተከሰከሰ ነገር አይጠገንም፤ ሰሚውም ሥራው እንዳለቀለት ቆጥሮ ተስፋ ይቆርጣል። በእውነቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከሲኤስ 6 ጀምሮ ፎቶሾፕ አስቀድሞ በተሰጠው ቅንብር በየ10 ደቂቃው የማገገሚያ ቅጂ ያስቀምጣል፤ መልሶ ሲከፈትም ያንኑ ያቀርባል። የአገሬው ሰው ግን አስቀድሞ የተሻለ ቃል አለው፤ «ተዘጋብኝ» ይላል። እዚህ ላይ «ብ» የተባለችው ምዕላድ የምትሠራው ሥራ ያስደንቃል። «ዘጋሁት» ፈቃድ ነው፤ «ተዘጋ» ወሬ ነው፤ «ተዘጋብኝ» ግን ያለ ፈቃዴና በጉዳቴ መሆኑን በአንዲት ፊደል ይናገራል። ስም ስናደርገው ይህች ምዕላድ ትቀራለች፤ «መዘጋትብኝ» አይባልምና። ስለዚህ የቀረውን ፍች በቃል መተካት ስላለብን «ያለትእዛዝ መዘጋት» የሚለውን እናቀርባለን። በንግግርና በመልእክት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን «ተዘጋብኝ» እንዳለ ሊቆይ ይገባዋል።

«ሃንግ አደረገ» ወይም «ስታክ አደረገ» የሚባለው ከዚህ የተለየ ነው። «ቀዘቀዘ» ቢባል ፍጹም ተቃራኒውን ያሰማል፤ ግሎ የነበረ ኮምፒውተር ዐረፈ ማለት ይመስላልና። የጎጃም ገበሬ በእርሻ መሣሪያው ላይ እንዲህ ያለ መደናገር የለበትም። ማረሻው ዶለዶመ፣ ሞፈሩ ተሰበረ፣ ወገሉ ወለቀ፣ በሬው ተኛ ይላል፤ እያንዳንዱ ቃል መድኃኒቱን ይዞ ይመጣል። ለዶለዶመው አንጥረኛ፣ ለወለቀው እጅ፣ ለተኛው በሬ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ቀጥ ያለ ፕሮግራም እንደተኛው በሬ ነው፤ አልሞተም። ትልቅ ፎቶ እያቀነባበረ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ እንጂ ወዲያው በግድ መዝጋት አይገባም።

ከዚሁ ከገበሬው ሥራ አንድ ቃል ብንዋስ የሚያስከፋ አይመስለንም። ፎቶሾፕ ማኅደረ ትውስታ ሲጠበው በዲስኩ ላይ ጊዜያዊ የሥራ ስፍራ ይይዛል፤ ያ ስፍራ ሲሞላ ሥራውን እንቢ ይላል። ባለፎቶ ቤቶች ይህን «ሚሞሪ ሞላ» ብለው ከፋይል ማከማቻው ጋር ይቀላቅሉታል። ማከማቻው ጎተራ ነው፤ ይህኛው ግን አውድማ ነው። እህሉ በአውድማ ይከመራል፣ ይወቃል፣ ይነሣል እንጂ አይከርምበትም። «የዲስክ አውድማው ሞላ» ብንል ሰሚው ምን ማድረግ እንዳለበት ሳይነገረው ይገባዋል፤ ቦታ ማስለቀቅ ወይም አውድማውን ሰፊ ባለው ሌላ ዲስክ ላይ ማድረግ ነው።

በሙሽሮች ፎቶ ላይ የሚጻፈው የአማርኛ ጽሑፍ የራሱ ሁለት ሕመሞች አሉት። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የፊደል ቅርጾች በላቲን ፊደላት መለያ ቁጥር ላይ የተጫኑ ስለነበሩ፣ ያ ቅርጽ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ድርድር ይወጣል። በዩኒኮድ የተጻፈው ደግሞ የግዕዝ ቅርጽ በሌለው ፎንት ሲታይ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ሁለቱም «ፊደሉ ተበላሸ» ይባላሉ። ለሁለተኛው «ሳጥን ሆነ» ማለት በቂ ነው፤ ፎንቱን መለወጥ ያድነዋል። የመጀመሪያው ግን የድሮውን ፎንት ማግኘትን ወይም እንደገና መጻፍን ይጠይቃል።

ስለ ቀለም ገና የጸና ስያሜ የለም። የማሳያው የቀለም መግለጫ ፋይል ሲበላሽ ነጩ ቬሎ ቢጫ መስሎ ይታያል፤ ባለሙያውም ያን ለማረም ሰማያዊ ይጨምርና የታተመው ፎቶ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። «ወየበ» የሚለው ግሥ ለነጠላና ለወረቀት ሲነገር የሚያሳየው ይህንኑ ቢጫነት ነው። ይሁን እንጂ «ፎቶው ወየበ» ካልን ጥፋቱን በፎቶው ላይ ጣልን። «ማሳያው አወየበው» ቢባል አድራጊው ይታወቃል። ማረጋገጫውም ያንኑ ፋይል በሌላ ማሳያ ላይ ከፍቶ ነጩ ነጭ መሆኑን ማየት ነው።