የአልትራሳውንድ ሲሙሌተር በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ሕክምና ሥልጠና

በትራፊክ አደጋ ሆዱን የተመታ ሰው ከውጭ ቁስል ሳይታይበት ወደ ውስጥ ሊደማ ይችላል። በዚህ ጊዜ ባለሙያው ታካሚውን ከአልጋው ሳያነሣ በአልትራሳውንድ አራት ቦታዎችን ይመረምራል፤ እነርሱም በጉበትና በቀኝ ኩላሊት መካከል፣ በጣፊያና በግራ ኩላሊት መካከል፣ በሽንት ፊኛ ዙሪያ እንዲሁም በልብ ዙሪያ ናቸው። የፈሰሰ ደም በምስሉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ሆኖ ይታያል።

ምርመራው ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ቢወስድም፣ ትክክለኛውን ምስል ማግኘትና መተርጎም ተደጋጋሚ ልምምድ ይጠይቃል። ሲሙሌተር የተባለው የመለማመጃ መሣሪያ ለዚህ ያገለግላል። ሠልጣኙ ፕሮቡን በሰው አካል ሞዴል ላይ ሲያንቀሳቅስ፣ ሴንሰሩ ቦታውንና አቅጣጫውን ለኮምፒውተሩ ያስተላልፋል፤ ኮምፒውተሩም ተዛማጁን ምስል ያሳያል። በመሆኑም ሠልጣኙ በልብ ዙሪያ ደም መጠራቀምን የመሰሉ፣ በሥልጠናው ወቅት ላያጋጥሙት የሚችሉ ችግሮችን ደጋግሞ መለማመድ ይችላል፤ ቢሳሳትም በታካሚ ላይ ጉዳት አይደርስም።

ይሁን እንጂ ሲሙሌተሩ በአሠልጣኝ ክትትል በታካሚ አልጋ አጠገብ የሚሰጠውን ሥልጠና አይተካም። የሰውነት ውፍረትና የአንጀት አየር ምስሉን ሊጋርዱት ይችላሉ። በመጀመሪያው ምርመራ ደም አለመታየቱም መድማት የለም ማለት ስላልሆነ፣ የታካሚው ሁኔታ ሲለወጥ ምርመራው ሊደገም ይገባል።