በገደላማው ዱሮ የሚመረተው ጠንካራ ወይን ጠጅ

በዱባይ ሆቴሎች የሚቀርበው ፖርት የተሰኘው ወይን ጠጅ በሰሜናዊ ፖርቱጋል የዱሮ ሸለቆ ይመረታል። እ.ኤ.አ. ከ1882 ጀምሮ በንግዱ የቆየው የሲሚንግተን ቤተሰብና ሌሎች አምራቾች፣ ኮረብታው ገደላማ በመሆኑ ወይኑን በእርከን ላይ ያለማሉ፤ ፍሬውንም በአብዛኛው በእጅ ይለቅማሉ።

ጭማቂው እየፈላ ሳለ 77 በመቶ አልኮል ያለው የወይን አረቄ ሲጨመርበት መፍላቱ ይቆማል። ስኳሩ ሳያልቅ ስለሚቀር መጠጡ ይጣፍጣል፤ የአልኮል መጠኑም 20 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ጣፋጭነቱ ጥንካሬውን ስለሚሸፍን ጠጪውን ያዘናጋል።

በዱባይ አልኮል የሚፈቀደው 21 ዓመት ለሞላው ሰው፣ በተፈቀደ ስፍራ ነው። በሻርጃ ግን መሸጥም፣ መጠጣትም፣ መያዝም የተከለከለ ነው። ስለዚህ ዱባይ ሠርቶ ሻርጃ የሚያድር ሠራተኛ በስጦታ ያገኘውን ጠርሙስ እንኳ ይዞ መሻገር የለበትም።