በአፍታ የሚወለድ ግፊት

ከጎንደር ተነስቶ በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ሳንጃ የሚወርድ መንገደኛ፣ ደጋውን ለቆ ቆላው እስኪቀበለው ድረስ በቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ላይ ይጓዛል። የጎንደርና የስሜን ደጋ የተቆለለው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ በፈሰሰ ባዛልት ነው፤ አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህን ያህል ድንጋይ ያቀለጠው ሙቀት ከየት መጣ? ብዙ ተመራማሪዎች ምንጩን እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት፣ የምድር የብረት እምብርት እስከሚጀምርበት ድረስ ያወርዱታል። እዚያ ያለው ግፊት በባሕር ጠለል ካለው የአየር ግፊት 1.3 ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል፤ በምድር መሃል ደግሞ 3.6 ሚሊዮን እጥፍ። ሰው የቆፈረው ጥልቁ ጉድጓድ፣ ሩሲያ ውስጥ ኮላ ያለው፣ ከ12 ኪሎ ሜትር ብዙም አላለፈም። ስለዚህ ግፊቱን ወርዶ ማግኘት አይቻልም፤ ላይ ሆኖ መፍጠር ግን ይቻላል።

አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ በሳንዲያ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ፣ «ዜድ» የሚባል መሣሪያ አለ። ካፓሲተሮቹ የሚያጠራቅሙት ኃይል 22 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል እንጂ 3,500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሰዋል። የዜድ ጥበብ ያለው ከኃይሉ ብዛት ላይ ሳይሆን ከሚለቀቅበት ጊዜ ማጠር ላይ ነው። ቀስ ብሎ የተጠራቀመው በአንድ ሰከንድ አሥር ሚሊዮንኛ ገደማ ውስጥ ሲለቀቅ፣ የኤሌክትሪክ ጉልበቱ ለዚያች ቅጽበት ወደ 80 ትሪሊዮን ዋት ይወጣል። የሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ የዜድ የቅጽበት ጉልበት የዚህ ከ15,000 እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው።

ኤሌክትሪክ ድንጋይን እንዴት ይጨምቃል? ከ20 ሚሊዮን አምፔር በላይ የሆነው የኤሌክትሪክ ጅረት በአንዱ የብረታ ብረት ሳህን ሄዶ፣ ፊት ለፊቱ ባለው በሌላው ይመለሳል። በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው የማግኔት መስክ ሳህኖቹን ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። ጅረቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ መሐንዲሶቹ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አምፔር ይታገላሉ። ናሙናውን ከሳህኑ ጀርባ አስቀምጦ ቀስ በቀስ መጭመቅ ይቻላል፤ ወይም ሳህኑን እንደ ጥይት አስፈንጥሮ ናሙናውን መምታት። የሳህኑ ፍጥነት በሰከንድ ከ40 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሁሉም ነገር ከመፈንዳቱ በፊት ሌዘር የናሙናውን እንቅስቃሴ ይለካል። ግፊቱና እፍጋቱ የሚሰላው ከዚያ ፍጥነት ነው። ናሙናው በየጊዜው ይወድማል፤ ልኬቱ ይተርፋል።

በዚህ መንገድ አልማዝ፣ ማግኒዥየም ኦክሳይድ፣ በባዛልት ውስጥ የሚገኘው አረንጓዴው ኦሊቪን ሁሉ ተፈትነዋል። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው የብረት ጥናት ነው። በምት ኃይል የተጨመቀ ብረት ግፊቱ ሲለቀው ለመትነን ቀድሞ የሚገመተው ወደ 9 ሚሊዮን የአየር ግፊት ነበር፤ በዜድ የተለካው 5 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ሆነ። ልዩነቱ የምድርን አወላለድ ይነካል። ወጣቷን ምድር የመቱት ታናናሽ ዓለማት የብረት እምብርታቸው ወደ እንፋሎት ተለውጦ፣ መልሶ በምድር ላይ እንደ ዝናብ ወርዶ ከድንጋዩ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ጨረቃ ግን ስበቷ ደካማ ስለሆነ ያንን እንፋሎት ይዛ ማስቀረት አልቻለችም፤ ተመራማሪዎቹም የጨረቃ ድንጋይ በእንዲህ ዓይነት ብረት ከምድር ያነሰበትን ምክንያት በዚህ ያስረዳሉ።